ደርቢልኝ

ቨርኔታ ጌንስን የዋሸ ሰው ብዙ ነው። ባሏ ክሊቭላንድ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጥቶ እዚያው ሌላ ትዳር መሥርቶ ቀረ። ጣሪያዋን የጠገነላት ሰውዬ ክረምቱን ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ ባልዲ አስደርድሯት ከረመ። ሁለቱንም የምታወራው እየሳቀች ነው፤ የባሏን አነጋገር አስመስላ ስትናገርማ የሰማ ሁሉ ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። የኦዴል ፕሩየት ስም ሲነሳ ግን ሳቋ ይቆማል። ኦዴል አልዋሻትም። ኦዴል ያደረገው ከዚያ የባሰ ነው፤ በሁለቱ መካከል ብቻ የነበረችን አንዲት ቃል ወስዶ ሸጠባት።

ነገሩ የሆነው ብራንት ክሪክ ውስጥ ነው፤ ከፍሊንት ከተማ በስተሰሜን፣ የኮርዌል መኪና ፋብሪካ ባለበት ከተማ። እዚህ ሰው ሲተዋወቅ ስሙን ከተናገረ በኋላ የሚያስከትለው የሚሠራበትን ክፍል ነው፤ ቀለም ቤት፣ ብየዳ፣ ሞተር፣ ማቅለጫ። ፎርድ ነድቶ የመጣ ሠራተኛ መኪናውን ጥግ ላይ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ነው የሚያቆመው። የጃፓን መኪና ይዞ የመጣማ ማታ ሲወጣ ጎማው ተንፍሶ ቢያገኘው ማንንም አይጠይቅም።

ኮርዌል ሲጀምር መኪና አይሠራም ነበር፤ ጋሪ ነበር የሚሠራው። ሽማግሌው ሃይረም ኮርዌል ፈረስ የሌለው ጋሪ የሰነፍ ጨዋታ ነው እያለ ሲያፌዝ ኖሮ፣ ገበያውን እነፎርድ ሲወስዱበት ጊዜ ደንግጦ በዚያው ጋሪ ውስጥ ሞተር አስገባበት። ከመቸኮሉ የተነሳ የመጀመሪያዋ ኮርዌል የጅራፍ መሰኪያዋ እንኳን አልተነሳላትም ነበር ይላሉ። በኋላ ጣሪያ ወጣላት፣ መስታወት ገባላት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው መኪናውን ትቶ የጦር ካሚዮን ሠራ። ከጦርነቱ ሲመለስ አርቦርን ወለደ። አርቦር ማለት ከኋላ ክንፍ ያወጣች፣ ከፊት ጥርሷን ያገጠጠች ረዥም መኪና ናት፤ ቄሱም፣ የቀብር አስፈጻሚውም፣ ቁማርተኛውም እሷን ነው የሚነዳው። ቤንዚን የተወደደ ጊዜ ደግሞ ፒፒት የምትባል ድንክ መኪና አወጡ። ፒፒት የወፍ ስም ነው። መኪናዋ ግን መብረሩ ይቅርና ዝናብ ሲዘንብ መንገድ መሀል ላይ ትተኛለች። የብራንት ክሪክ ሰው ግን እሷንም ገዛ፤ እየገፋም ቢሆን የራሱን መኪና ነው የሚነዳው።

የቨርኔታ አባት ኢዜል ጌንስ ከአርካንሶ የጥጥ እርሻ ወጥቶ እዚህ የመጣው በአርቦር ዘመን ነው። ያኔ ጥቁር ሰው በማቅለጫ ቤቱ እንጂ በመገጣጠሚያው መስመር አይታይም ነበር። ሞተሩን የሚያቀልጠው እሱ ነው፤ መኪናው ውብ ሆኖ ሲወጣ የሚያየው ግን ውጪ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ወደ መስመሩ እናወጣሃለን ይሉታል በየዓመቱ። እሱም አምኖ ይጠብቃል። ሳል ይዞት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መስመሩን አንድ ቀን በዓይኑ ሳያየው ቀረ።

ልጁ በስልሳዎቹ መጨረሻ በመገጣጠሚያው በኩል ስትቀጠር ግን ቅር አላለውም፤ ይልቅ ኩራቱ አላስተኛው አለ። የመጀመሪያው ቀን ጧት እራሱ አርቦሩን ነድቶ በር ላይ አደረሳትና ሞተሩን ሳያጠፋ መከራት።

«ስሚኝ ልጄ» አላት። «ጉልበትሽን ገዝተውታል፤ ይውሰዱት። ዘዴሽን ግን አልገዙም። ሰዓት የያዘ ሰውዬ አጠገብሽ ሲቆም ካየሽ ወገብሽን ያዢና አቃስቺ።»

እሷም ሳቀችበት። ቁም ነገሩ የገባት ኦዴልን ካገኘች በኋላ ነው።

ኦዴል ፕሩየት ወላጆቹ ከኬንታኪ ተራራ የወረዱ ነጭ ነው፤ ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅ፣ ሲናገር ቃሉን የሚጎትት። መጀመሪያ ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው አንድ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። እሷ ይሄ ገበሬ ምን ሊለኝ ነው እያለች ትጠብቃለች፤ እሱም ይህች ሴት ምን ልታደርገኝ ነው እያለ ይጠብቃል። ሥራቸው የበር ጎሚኒ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ዝናብና ንፋስ እንዳያስገባ በበሩ አፍ ዙሪያ የሚገባው ጥቁር ጎማ። መኪናው በመስመሩ ላይ እየተንፏቀቀ ይመጣል፣ እሷ በግራ እሱ በቀኝ ቆመው ጎሚኒውን በጠባቧ ቦይ ውስጥ በአውራ ጣት እየጫኑ ያስገባሉ፣ መኪናው ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። በዚህ ሥራ ሰው መጀመሪያ የሚያልቅበት አውራ ጣቱ ነው።

አንድ ቀን ኦዴል ፊቱ ገርጥቶ መጣ። ጥርሱ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛውም። ቨርኔታ አንድ ሁለት መኪና እስኪያልፍ አየችውና፣ ሂድ እዚያ ሳጥን ላይ ተቀመጥ አለችው። የኔን በር ማን ይሠራል ቢላት እኔ አለች። ሠራችውም። ያን ቀን ነው ዘዴውን ያገኘችው። ደንቡ ጎሚኒው ደረቁን ይግባ ይላል፤ እሷ ሳሙና ውሃ የነካ ብሩሽ አሳረፈችበትና ሰተት ብሎ ገባላት። የሚቀጥሉትን ጎሚኒዎች አስቀድማ አንገቷ ላይ ጣል አደረገች። መኪናው እስኪደርስላት ሳትጠብቅ ወደሚመጣበት ሄዳ ተቀበለችው። ግማሽ ሰዓት እንዲህ እየተሽከረከረች የሁለቱንም ወገን በር ስትሠራ፣ ኦዴል ጉንጩን ይዞ ሳጥኑ ላይ ያያታል።

ከዚያ ወዲህ ተራ ገቡ። በመስመሩ ላይ ይህን የሚያደርጉት እነሱ ብቻ አልነበሩም። በየሥራው ላይ ያሉ ጥንዶች በራሳቸው ሥራ ላይ የጓደኛቸውን ደርበው ይሠራሉ፣ ጓደኛው ያርፋል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ደርብልኝ፣ ደርቢልኝ፤ ቃሉ ይኸው ነው። አለቆቹ ያውቃሉ፤ መኪናው እስካልተበላሸ ድረስ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ ያነሳሉ። የማይታለፈው ነገር አንድ ነው። ሥራው ስንት ሰው እንደሚፈልግ የሚለካው ሰዓት ያዥ ከላይኛው ቢሮ ሲወርድ ከመስመሩ ጫፍ ፉጨት ይሰማል፣ ያኔ ፋብሪካው በሙሉ ያረጃል። ጎልማሳው ይጎብጣል፣ ወጣቷ ታቃስታለች። በሮቹ ተዘግተው በሚፈተሹበት መፈተሻ ላይ የምትሠራው ዊሎዲን ማቲስ እንኳን፣ ሲሻት መስመሩ ዳር የምትጨፍረው ሴትዮ፣ መቶ ዓመት የሞላት ትመስላለች። ሰዓት ያዡ ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል ብሎ ጽፎ ይሄዳል። እሱ በሩን ሲዘጋ ወጣትነት ይመለሳል።

ሁለት ሰው እንደዚያ ለዓመታት ከተደራረበ ዘመድ ነው። ቨርኔታ ለኦዴል በየበዓሉ የስኳር ድንች ኬክ ትጋግራለች። እሱም የአጋዘን አደን ሲከፈት፣ ፋብሪካው ባዶ በሚሆንበት በዚያ ሳምንት፣ ከገደለው ላይ ቋሊማ አሠርቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣላታል። ኢዜል ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ኦዴል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብቸኛው ነጭ፣ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ። የሱ ሚስት ስትወልድ ደግሞ ቨርኔታ ሙሉ ፈረቃውን ደርባለት አውራ ጣቷ አብጦ ቡና መያዝ አቅቷት ነበር። ውለታ ተቆጥሮባቸው አያውቅም። ምሳ ላይ ካርታ ሲጫወቱ ዊሎዲን ትነካካቸዋለች፤ ኦዴል፣ ቤት ስትገባ ሚስትህን ከዚህች ጋር ሳታወዳድር አትቀርም ትለዋለች፣ እሱም ሚስቴ ደርባልኝ አታውቅም ይላል።

ከዚያ ሰማንያዎቹ መጡ። የጃፓን መኪና ከተማውን ከበበው፤ አርቦር በየሻጩ ግቢ በረዶ ለብሳ ትውላለች። ኩባንያው አንዱን ፋብሪካ እዘጋለሁ፣ አዲሱን ሞዴል ግን በትንሽ ሰው ብዙ ለሚሠራው ፋብሪካ እሰጣለሁ አለ። የትኛው እንደሚዘጋ አልተናገረም። ይህ በተሰማ ቀን ከተማው ውስጥ አዲስ ፀጉር ቤቷን ስታስመርቅ የነበረች አንዲት ሴት ሪባኑን ሳትቆርጥ ወደ ቤቷ ገባች።

ፋብሪካውና የሠራተኛው ማኅበር የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኦዴል ተመረጠበት። የሐር ጃኬት ለበሰ፣ ጀርባው ላይ የኮርዌል አርማ የተሰፋበት፤ ሳምንት ሳምንት ለስብሰባ ይጠራል፣ ቴነሲ ድረስ ወስደው አዲስ ፋብሪካ አስጎበኙት። ሲመለስ ቋንቋው ተቀይሯል። ብክነት ይላል፣ ቤተሰብ ይላል። ቨርኔታ ሳቀችበት።

«ኦዴል፣ ጃኬቱ ነው የሚናገረው ወይስ አንተ ነህ?»

«አንቺ ቀልጂ» አላት። «ይህን ሞዴል ካላገኘን ሁላችንም አለቀልን።»

እሷም ፈርታ ነበር። ሠላሳውን ዓመት ሞልታ በሙሉ ጡረታ ለመውጣት ገና ብዙ ይቀራታል፣ ከዚህ መስመር ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም።

አንድ ጧት ኦዴል ጃኬቱን አልለበሰም ነበር። የድሮው ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጉንጩን ይዞ መጣ። ጥርሴ ተነሳብኝ አላት። ዓይኑን አላየችውም፤ ምን ብላ ታየዋለች፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምታውቀው ጥርስ ነው።

«በሞቴ ኔታ» አላት፣ «ደርቢልኝ።»

«ሂድ እዚያ ሳጥንህ ላይ ጉብ በል» አለችው። «አንተንና ጥርስህን አንድ ላይ ነው ጡረታ የማወጣችሁ።»

ሄደ፤ ግን ሳጥኑ ላይ አልተቀመጠም፣ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ገባ። ጎሚኒዎቹን አንገቷ ላይ ጣል አደረገች፣ ብሩሹን ነከረች፣ ጀመረች። ያን ጧት ደግሞ ደስ ብሏት ነበር። ጃኬቱን ከለበሰ ወዲህ ከነበረው ቅዝቃዜ በኋላ ኦዴል የድሮው ኦዴል ሆኖ ደርቢልኝ ብሏታል። ግራውን ጨርሳ መኪናው ፊት ዞራ ወደ ቀኝ ስትሻገር ዳሌዋን ወዝወዝ ታደርጋለች፤ ታዜማለች። ወደሚመጡት ሄዳ ሁለት መኪና ቀድማ ሠርታ፣ ቆማ መስመሩን ጠበቀችው። ዊሎዲን ከታች አይታት፣ ዛሬ ማን ነክቶሻል ብላ ጮኸችባት። እንዲህ አሳምራ ሠርታ አታውቅም።

በሳምንቱ ሠራተኛውን በሙሉ የሥልጠና ክፍሉ ውስጥ ሰበሰቡት። ቴሌቪዥን ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። ከላይኛው ቢሮ የመጣ ሰው መብራቱን አጠፋና ቪዲዮውን ከፈተ። ቨርኔታ መጀመሪያ አላወቀችውም። አንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ ጥቁር ጎማ አንገቷ ላይ አጥልቃ ከመኪና ወደ መኪና ትሻገራለች፣ ሳሙና ታሳርፋለች፣ ትዞራለች፣ ዳሌዋን ትወዘውዛለች። ከዚያ ዜማዋን ሰማች። ከመደርደሪያው ጀርባ ነው የተቀረፀው፤ በምስሉ ጠርዝ ላይ የሳጥኑ ጥግ ይታያል፣ ሰው የለበትም።

ሰውየው ሲናገር ድምፁ አመስጋኝ ነበር። «እነሆ አንድ ሰው» አለ። «እነሆ የዚህ ፋብሪካ መንፈስ» አለ። ለዓመታት ሁለት ሰው ይፈልጋል ሲባል የኖረውን ሥራ ይህች ሠራተኛ ብቻዋን፣ እያዜመች ትሠራዋለች አለ፤ የሌላውም መስመር ሥራ በዚሁ መንገድ እንደሚታይ ነገራቸው። ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ ቢሆንም አንገቶች ሲዞሩ ተሰማት። ሁሉም ወደ እሷ ነው የዞረው። ወደ ኦዴል የዞረ አንድም አልነበረም፤ ኦዴል ቪዲዮው ውስጥ የለም።

መብራቱ ሲበራ ፈለገችው። በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ጃኬቱን ለብሷል፣ ጥርሱ አያመውም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ምሳ ክፍሉ ውስጥ ከካርታ ተጫዋቾቹ ጋር ስትቀመጥ ሰዎቹ ካርታውን ሰበሰቡ። ከአለቆቹ ጋር ተሰልፋለች ለካ አሉ፣ ለካሜራ ጨፈረችላቸው አሉ፣ ምን ከፈሏት አሉ። እኔ አላወቅኩም ኦዴል ነው ደርቢልኝ ያለኝ ስትል፣ ከኦዴል ጋር የኖሩት ዓመታት ሁሉ በሷ ላይ መሰከሩ። ኦዴል እንዴት እንዲህ ያደርጋል? ሬሳ የተሸከመላት ኦዴል? ማንም አላመናትም። ይህን የምጽፈው እኔም በዚያን ጊዜ ካላመኗት ሰዎች መካከል ነበርኩ፤ ስለዚህ ለዚህ ከተማ ሰው ልራራ አልችልም።

ሥራው ወደ አንድ ሰው ተጠቃለለ። ኦዴል በቅጥር የሚበልጣት በጥቂት ወር ነው፤ ደንቡም ቦታውን ለሱ ሰጠ፤ ቨርኔታ ተቀነሰች። ከሷ ጋር ከመስመሩ ላይ ብዙ ጥንዶች ለሁለት ተከፈሉ። ተቀናሾቹ የሚረግሙት ግን ኩባንያውን አልነበረም፤ እሷን ነው።

አንዲት ነገር ቀርታት ነበር፤ የማኅበሩ አዳራሽ። እዚያ አንድ ሰው ተነስቶ ሲናገር ሌላው መስማት አለበት። ሥራውን እንደማታገኘው ታውቃለች። የፈለገችው ስሟን ነው። ስሟን ደግሞ ሊመልስላት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ነኝ ደርቢልኝ ያልኳት ብሎ አፉን ከከፈተ በቃ፣ ሌላ ምንም አትፈልግም። ያን ማታ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ዊሎዲን አጠገብ ክፍት ወንበር አይታ ወደዚያ ስትሄድ ዊሎዲን ቦርሳዋን አንስታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ቨርኔታ ከኋላ ቆመች።

ተራዋ ሲደርስ ወደ ኮሚቴው ጠረጴዛ ቀረበች። ብዙ አልተናገረችም።

«ኦዴል፣ ያን ጧት ምን አልከኝ? አንዲት ቃል ናት። እሷን ንገራቸውና እቀመጣለሁ።»

ኦዴል ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዙሮ አዙሮ አየው። ያን ያህል ጸጥ ያለ አዳራሽ ውስጥ እውነት ለመናገር ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም ነበር።

«ኔታ» አለ በመጨረሻ፣ «ጧት ጧት ስንት ነገር እንባባል የለ? አሁን የቱን ላስታውስ።»

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ቨርኔታ የሱን ፊት እንጂ የሳቁትን አላየችም። አውራ ጣቷ ያበጠለትን፣ ኬክ የጋገረችለትን፣ የአባቷን ሬሳ ያስያዘችውን ሰው አየችና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ የተቀመጠ እንግዳ ሰው ሆነባት። ወጥታ የመኪናዋን ጣሪያ ተደግፋ ቆመች። ያኔ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባች፤ ትሪ ታጥባለች፣ ድንች ትፈጫለች። ኦዴል የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን ይዞ ቀረ። ኩባንያው ደግሞ አዲሱን ሞዴል ለብራንት ክሪክ አልሰጠም። ለማንም አልሰጠም ማለት ይቀላል፤ ከድንበር ማዶ ወሰደው። ያን ሁሉ ሰው ቀንሶ፣ ያን ሁሉ ጓደኛ አባልቶ፣ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ፋብሪካው ይዘጋል የሚል ወሬ መጣ። ወሬው እውነት ነበር። ኮሚቴው ፈረሰ፣ የሐር ጃኬቶቹ በየጓሮ ሽያጩ ተሰቅለው ታዩ።

የመጨረሻዋ አርቦር ስትሠራ የተቀነሱትም እንዲመጡ ተጠሩ። እንዲህ ዓይነት ቀን የዚህ አገር ልማድ አለው፤ የመጨረሻዋን መኪና የሠራ ሁሉ ስሙን ይጽፍባታል፣ በመከለያዋ፣ በወለሏ፣ በሞተሯ ሥር። ቨርኔታ ላለመሄድ ወስና ነበር። ከዚያ አባቷ ትዝ አላት፤ መስመሩን በዓይኑ ሳያይ የሞተው። የሱን ስም ልጽፍ እሄዳለሁ አለች፤ የኔን አልጽፍም።

ስትገባ ብዙዎቹ ሰላም አሏት፤ መዘጋት ሰውን ለስላሳ ያደርጋል። እሷም ራሷን ነቅንቃ መለሰች። እስክሪብቶውን ተቀብላ ወደ ድሮ ቦታዋ ሄደች። ኦዴል እዚያው ነበር። ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ተጣመው አብጠዋል፤ ጎሚኒው አንገቱ ላይ፣ ባልዲው እግሩ ሥር። ነጯ አርቦር በስም ተሸፍና እየተንፏቀቀች መጣች። ቀኙን ቀደም ብሎ ጨርሷል። የግራውን የፊት በር ከፈተና ጠራት።

«ኔታ፣ ነይ ይህን እዪው።»

ጎንበስ አለች። ጎሚኒው በሚገባባት ጠባብ ቦይ ውስጥ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከላይ እስከ ታች ተጽፏል። ያን ጧት ደርቢልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ካሜራ እንዳለ አታውቅም ነበር። ሞዴሉን የሚሰጡን መስሎኝ ነው። ኦዴል ፕሩየት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ማን እንዲያነበው ነው?»

«አንቺ አነበብሽው» አለ። «ይህች መኪና ሙዚየም ነው የምትገባው፣ ኔታ። ቃሌ ለዘላለም እዚያ ይኖራል።»

«ከጎሚኒ ሥር።»

መስመሩ እየሄደ ነው፤ መኪናዋ ከቦታቸው ልታልፍ ጥቂት ቀርቷታል። ኦዴል ጎሚኒውን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱን ሊጭንበት ሞከረ፣ ወጣበት፤ ደግሞ ሞከረ፣ ወጣበት። ከዚያ ብሩሹን ከባልዲው አንስቶ ዘረጋላት።

«እጄ እምቢ አለኝ» አላት። «የግራው ድሮም ያንቺ ነው። በሞቴ፣ ደርቢልኝ።»

እጇ ሳታዘው ተንቀሳቀሰ፤ ያን ያህል ዓመት የለመደ እጅ ነው። ብሩሹ ጋ ሊደርስ ሲል አየችው፣ አየችና ሰበሰበችው። ሁለቱንም እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«አልደርብም» አለችው። ሄዳ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች።

አርቦር በሯ ተከፍቶ፣ ጎሚኒዋ ተንጠልጥሎ አለፈች። ኦዴል ብሩሹን እንደያዘ ሁለት ሦስት እርምጃ ተከተላትና ቆመ። መፈተሻው ላይ ዊሎዲን በሩን ልትዘጋ ስትል እጇ ባዶውን ቦይ ነካ፤ የማቆሚያውን ገመድ ሳበች። መስመሩ ተንገጫግጮ ቆመ። በዚያ መስመር ላይ ሁልጊዜ ከሚሰማው ድምፅ አንድ ሲጎድል ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ሰዎች ሳንድዊቻቸውን ይዘው መጡ። ዊሎዲን መነጽሯን ከደረቷ ላይ አነሳች፣ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፣ ከዚያ ድምፅ አውጥታ ከላይ ጀምራ አነበበችው። ኦዴል ፕሩየት የምትለው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠ።

ማንም ወደ ኦዴል አላየም፤ እንደ ቪዲዮው ቀን ሁሉ አንገቶች ወደ ሳጥኑ ዞሩ። ዊሎዲን ወደ ቨርኔታ መጣች። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል።

«ኔታ፣ የኔ እናት» አለች፣ «ለምን አልነገርሽንም?»

«ነግሬያችሁ ነበር» አለች ቨርኔታ። «ቦርሳሽን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሽ።»

ተነሳች። በሰዎቹ መካከል አልፋ አርቦሯ ጋ ደረሰች፣ የሚታይ ቦታ ፈለገች፣ በሹፌሩ በር መስታወት ሥር፣ በትልልቁ፣ ኢዜል ጌንስ፣ ማቅለጫ ቤት፣ ብላ ጻፈች። የኔን ስም ይጠብቁ ይሆናል ብላ ወደ ማንም አልዞረችም። እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥማ ለዊሎዲን ሰጠቻትና ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣች። መስመሩ ከኋላዋ እንደቆመ ነበር።